ጆሮዬን የነካሁ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ በንጉሡ ጊዜ፣ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ነው። እድሜዬን አትጠይቁኝ፤ ወሬው ራሱ የእድሜዬ ወሬ ስለሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ። ሰሞኑን ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት በልጅ ተካሰው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አየሁና ልጻፈው አልኩ። ልጅቷ በሁለቱ መሃል ቆማ ብስኩት ስትበላ ሳያት፣ በሆዴ ያቺ እኔ ነኝ አልኩ።

እናቴ አስካለ ትባላለች። ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት። ባቡሩ ከድሬዳዋም ሲመጣ ከአዲስ አበባም ሲመጣ አዋሽ ላይ ስለሚቆም መንገደኛው ተንጋግቶ ይወርዳል፤ እሷም ሻይ በዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን ትሸጥለታለች። አባቴ ተሰማ ደግሞ ሾፌር ነው። የእርሻ ካሚዮን ይነዳል፣ ጥጥ ይጭናል። እርሻው ያለው ወደ ታች፣ ዛሬ ሰመራ ከቆመበት ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ የለም፤ ያለው ፀሐይና ግመል ነው። ከዚያ ተነስቶ በጥርጊያው መንገድ፣ በገዋኔ አድርጎ እኛ ጋ ለመድረስ፣ መኪናው ካልተበላሸ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። መኪናው ደግሞ ሳይበላሽ ቀርቶ አያውቅም።

በምን እንደተጣሉ ዛሬም በደንብ አላውቅም። እናቴን ብትጠይቋት "ሲመጣም እንግዳ፣ ሲሄድም እንግዳ" ነው የምትለው። አባቴ ደግሞ "አፏ" ብሎ ዝም ይላል። ብቻ ተፋቱ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ወር ሙሉ የእናቴን ሻይ እየጠጡ ንብረት አካፈሉ፤ አልጋው ለእሷ፣ ራዲዮኑ ለእሱ፣ ዶሮዎቹ እኩል። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን እርስ በርሳቸው ተጣሉና ተበተኑ። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ፍርድ ቤት ገባ።

አባቴን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። አንድ ቀን ድንገት ሲመጣ፣ እንቁላል በሳህን ይዤ ከቆመው ባቡር ሥር በሆዴ ስሳብ አገኘኝ። ወደ ማዶው መስኮት ለመድረስ በባቡሩ ዙሪያ መዞር ሩቅ ነው፤ በሥሩ ግን አቋራጭ ነው። አባቴ ያን ቀን እንደ ሴት አለቀሰ ብለው ሲያሙት ሰምቻለሁ። "ጣቢያ ልጅ ማሳደጊያ አይደለም" ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ ግን ፈጥሮ ያወራው መሰላት፤ "ከጥጥ ጋር ሊጭናት ምክንያት ሲፈልግ ነው" አለች።

ሕጉን አሁን ነው ያወቅሁት። ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ከእናቱ ጋር ይሁን ይላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዳኛው ለልጁ የሚበጀውን አይቶ ይወስናል። ይሄ ነገር በሰው አፍ እየተላለፈ እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን "እስከ አምስት የእናት፣ ከአምስት በኋላ የአባት" ሆኖ ቁጭ አለ። ሽማግሌውም፣ ሻይ ጠጪውም፣ እናቴም፣ አባቴም ያመኑት ይሄንኑ ነው። ስለዚህ የክርክሩ ነገር ሁሉ አንድ ነገር ላይ ወደቀ፤ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?

እናቴ አራት አለች። አባቴ ስድስት አለፋት አለ። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር የለኝም። ያጠመቁኝ ቄስ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ቆይተዋል፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ የለም።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም። የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ጓደኛዬ ዘሃራ፣ የወሎዬው ጨርቅ ሻጭ የሐጂ እንድሪስ ልጅ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባች። እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ስጠይቅ እናቴ "ገና ሕፃን ነሽ" ትለኛለች። ትናንት ብርቱካን ስቆጥርላት ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ ምን አሳነሰኝ? የዘሃራ ደግሞ አይጣል ነው። ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትመጣለች፤ ልንካ ስላት "እጅሽ ዘይት ነው" ትለኛለች። ቀንቼ እንቅልፍ አጣሁ።

እንዴት እንደገባችም ነግራኛለች። "መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል። በራስሽ ላይ አሳልፈሽ ጆሮሽን ንኪ አሉኝ። ነካሁ። ጻፉኝ። አለቀ።" መቼም ያኔ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ስለሌለ፣ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው እጁ በራሱ ላይ አልፎ ጆሮው ሲደርስ ነው። እኔ ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ሥር በተቀመጥኩ ቁጥር እለማመዳለሁ። እጄ ደርሶ ነበር።

ጥቅምት ላይ ቀጠሮው ደረሰ። ለኔ የተነገረኝ "ቢሮ ነው የምንሄደው" የሚል ብቻ ነው። በዋዜማው ጠዋት እናቴ ጓዳ አስገብታ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ ሰጠችኝና ታሠለጥነኝ ጀመር። "ጆሮሽን ንኪ ካሉሽ ክንድሽን አጠፍ፣ አንገትሽን መዘዝ። እንዳይደርስልሽ።" ለምን አልኳት። "ዝም ብለሽ የምልሽን አድርጊ፤ ብልጥ ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አራት ጊዜ አሳየኋት፤ አራቱንም ጊዜ አልደረሰልኝም። ሳመችኝ።

ከሰዓት አባቴ መጣ። ያደረው ሐጂ እንድሪስ ቤት ነው። ካሚዮኑ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ከረሜላ ሰጠኝና እሱም ጀመረ። "አንገትሽን ቀበር፣ ጭንቅላትሽን ወደ ክንድሽ ዘንበል፣ ከዚያ ሳብ። እንዲደርስልሽ።" አራት ጊዜ አሳየሁት፤ አራቱንም ጊዜ ደረሰልኝ። እሱም ሳመኝ። ሁለቱንም እሺ እያልኩ የሁለቱንም በላሁ። እንደዚያ ቀን ጥጋብ አይቼ አላውቅም።

ፍርድ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነው። ገና ጠዋት ላይ እንደ ምጣድ ግሏል። ገብቼ ቀና ስል ምን አያለሁ? መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዘሃራ የነገረችኝ ሰውዬ! እናቴ ቢሮ ነው ያለችኝ ለካ ልትሸውደኝ ነው አልኩ። ለኔ ያ ሰውዬ ዳኛ አይደሉም፤ ተማሪ መዝጋቢው ናቸው። ቤቱ ሙሉ ሰው የተቀመጠውም ተራ ጠብቆ ሊመዘገብ መሰለኝ፤ ሽማግሌ ሲበዛበት ትንሽ ገርሞኛል።

ምስክሩ አንድ ሰው ነበሩ፤ ሐጂ እንድሪስ፤ የእናቴም የአባቴም ምስክር። ሚስታቸው ከእናቴ ጋር የልብ ወዳጅ ናት፤ አባቴ ደግሞ ያደረው እሳቸው ቤት ነው። ሰውየው ላብ በላብ ሆነዋል።

"ይቺ ልጅ መቼ ነው የተወለደች?" አሉ ዳኛው።

"ወላሂ ጌታዬ፣ አላህ በፈቀደው ቀን።"

"ዓመተ ምሕረቱን ነው የጠየቅሁዎት።"

"ጌታዬ፣ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ጨርቅ ያምጡልኝ፣ ስንት ክንድ እንደሆነ በዓይኔ አይቼ እነግርዎታለሁ። የልጅ እድሜ ግን አይለካልኝም።"

"የእርስዎ ልጅ እኩያዋ ናት ይባላል።"

"አብረው ይጫወታሉ።"

"እኩያ ናቸው ወይ ነው ያልኩት።"

"ሲጫወቱ እኩያ ይመስላሉ" አሉ ሐጂ፣ ፊታቸውን በፎጣ እየጠረጉ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ይሄኔ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላቸው፤ "ትምህርት ቤት እንደሚያደርጉት" ሲል ግን በደንብ ሰማሁት። ትምህርት ቤት የሚለውን ቃልማ ከጣቢያው ማዶ ቢጠራም እሰማዋለሁ። ዳኛው ትንሽ አቅማምተው በእጃቸው ጠሩኝ።

"ነይ ልጄ። ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፈሽ ግራ ጆሮሽን ንኪ።"

እናቴን አየኋት። ክንዷን በነጠላዋ ውስጥ አጠፍ አድርጋ እያሳየችኝ ነው። አባቴን አየሁት። አንገቱን እስከ ትከሻው ቀብሯል። የእናቴን ትምህርት አልረሳሁም፤ ይሄን እወቁልኝ። ሆን ብዬ ነው። ይቺ ሴትዮ ትምህርት እንዳልገባ ስለምትፈልግ ነው እንጂ ሌላ ምን ጉዳይ አላት ብዬ፣ ክንዴን ዘርግቼ ጆሮዬን ነካሁ። መንካት ብቻ አይደለም፣ ጨብጬ ሳብኩት። አንዱ እንዳይበቃ ብዬ፣ ሳልጠየቅ በግራ እጄም ቀኙን ደገምኩላቸው።

ቤቱ በሳቅ ወደቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ ተነስቶ ቆመ። "እንግዲህ ጌታዬ፣ ልጄን ይዤ ልሂድ" አለ። እኔ ምን ገብቶኝ፤ መዝገቡ ላይ ሲጽፉ እያየሁ ተመዘገብኩ ብዬ ፈነጠዝኩ።

"ተቀመጥ" አሉት ዳኛው። "ልጅቷ ከአምስት ዓመት በላይ ናት፤ ይሄ ተጽፏል። ለአንተ ትሁን ግን ማን አለ?"

"ሕጉ ነዋ።"

"ሕጉ እንደዚያ አይልም። ሕጉ ለልጅቷ የሚጠቅማትን እይ ነው የሚለኝ። ለአንተም አልፈርድ፣ ለእሷም አልፈርድ። ለልጅቷ ነው የምፈርደው። አሁን ነው የተጀመረው።"

አባቴ ግራ ገባውና "እንግዲያው ማንን እንደምትመርጥ ራሷን ይጠይቁልኝ" አለ። ዳኛው ቆጣ አሉ። "አባትና እናቷን ፊት ለፊት አቁሜ አንዱን ጣይ አልላትም። እንኳን ለእሷ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።" ከዚያ ወደኔ ዞሩና በለሰለሰ ድምፅ፣ "ለመሆኑ ምን እየሠራሽ ነው የምትውይው?" አሉኝ።

አጋጣሚ ነው ብዬ ጀግንነቴን ልነግራቸው ፈለግሁ። ጎበዝ ተማሪ መሆኔን እንዲያውቁ ነዋ። እንቁላል እንደምሸጥ፣ እስከ ሃያ እንደምቆጥር፣ ባቡሩ ሲመጣ በሥሩ ተሹለክልኬ ከሌሎቹ ሻጮች ቀድሜ ማዶ እንደምደርስ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። "አንድ ጊዜ ነው?" አሉኝ። "ሁልጊዜ ነው" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

አሁን የሚስቅ ጠፋ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ ቀን አድርጋ አይታኝ አታውቅም። አባቴ ነገሩን የፈጠረው ሲመስላት ኖሮ፣ ከራሴ አፍ ሰማችው። "አላወቅሁም ጌታዬ" አለች። "ማርያምን አላወቅሁም።"

ዳኛው ጻፉ። ብዙ ጻፉ። ቀጥለው አባቴን ያዙት። የእርሻው ካምፕ ውስጥ ማን ይጠብቃታል? የወጥ ቤቷ ሴትዮ አለች። አንተስ? መንገድ ላይ ነኝ። ውሃው? ከቦዩ ነው። "ባቡር ባይኖር ቦይ አለ ማለት ነው" አሉ ዳኛው። "ትምህርት ቤትስ?"

"ይሠራል እየተባለ ነው።"

"አቶ ተሰማ፣ ልጄ አድጋለች፣ ለትምህርት ደርሳለች ብለህ ሦስት ማመልከቻ የጻፍከው አንተ ነህ። አምኜሃለሁ። ለትምህርት ከደረሰች ትምህርት ቤት ወደሌለበት እንዴት ልላካት?"

አባቴ ስድስት ዓመቷ ነው ብሎ የቻለውን ያህል ተሟግቶ፣ ያቺው ስድስት ዓመት ዞራ እሱኑ ያዘችው። ሐጂ እንድሪስ ሳያስቡት "ሱብሐነላህ" ሲሉ ተሰሙ።

ከዚያ የእናቴ ተራ ሆነ። "አንቺስ? ትምህርት ቤቱ ከሻይ ቤትሽ ሲጠሩ የሚሰማ ነው። መስከረም ላይ ለምን አላስገባሻትም?"

እናቴ እውነቱን ተናገረች። "ካስመዘገብኳት እድሜዋ ይታወቅብኛል ብዬ ነው ጌታዬ። የሚወስድብኝ መሰለኝ።"

"አንቺ ታሳንሻታለሽ፣ እሱ ያሳድጋታል። ልጅቷን ግን ያያት የለም" አሉ ዳኛው። መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞረው፣ "አንቺ አሁን ምን ብታገኚ ደስ ይልሻል?" አሉኝ።

"ደብተር። ዘሃራ አጠገብ ልቀመጥ። ደብተሬን አላስነካትም።"

ፍርዱ በዚያው ዕለት ተነበበ። ከእናቴ ጋር እንድቆይ፤ ግን በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት እንድገባ፣ ባቡር ሲመጣም ሳህን ይዤ ሐዲድ አካባቢ እንዳልታይ። ይሄ ካልሆነ አባቴ መጥቶ ጉዳዩን ማንቀሳቀስ ይችላል። ካሚዮኑ በአዋሽ ባለፈ ቁጥር እንዲያየኝ፣ የትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን ደግሞ እንዲወስደኝ። "ክረምት ብለህ እንዳትወስዳት፣ ያኔ እዚያ እሳት ነው" ያሉት ራሳቸው ዳኛው ናቸው፤ "በመንፈቁ እረፍት ይሁን።" አባቴ እጅ ነስቶ ወጣ። ውጪ አቅፎኝ ቆየ፤ ጢሙ ይዋጋል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። "ባቡር ሥር እንዳልሰማሽ" ብቻ አለኝ።

ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፣ እስኪያመኝ። ሻይ ቤቱ ልንደርስ ስንል "ክንድሽ መቼ ነው እንዲህ ያደገው?" አለችኝ። "ዛሬ" አልኳት። እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ አለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቃተኝ። በማግሥቱ አስመዘገበችኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ወልጄ ከብጄ፣ ሆን ብዬ እንደነካሁት ነገርኳት። "ግራሽን ስትደግሚ መች ጠፋኝ" አለች። እውነት ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር አልኳት። "ሰባት ልትደፍኚ ነበር" አለች፣ ሳታፍር። ታዲያ እንዴት አራት ትያለሽ ብላት፣ "አስርም ቢሆንሽ አራት እል ነበር" አለችኝ። መስከረምን በሙሉ ስቀና የኖርኩበት ንዴት ያን ቀን ወጣልኝ።

ይሄን ታሪክ ለሰው ሳወራ አስቃለሁ፤ እኔም እስቃለሁ። አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። ዳኛው ሰፈሩ እንደሚያወራው "ከአምስት አልፋለች፣ ለአባት" ብለው መዝገባቸውን አጥፈው ለምሳቸው መሄድ ይችሉ ነበር። እናቴ እዚያ ግድግዳ ሥር ትቀር ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የምሄድ መስሎኝ፣ በአባቴ ካሚዮን ላይ እየሳቅሁ እወጣ ነበር።